«ሪዘርቭ ላይ አልደረሰም»፦ ስለ ዶሜይን ጨረታ ጥያቄና መልስ

በኢንተርኔት ጨረታ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ስትገዙም ሆነ ስትሸጡ ሪዘርቭ ዋጋ ግራ ካጋባችሁ እዚሁ ጠይቁ፤ በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መነሻ ዋጋና ሪዘርቭ አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። መነሻ ዋጋ ለሁሉም ይታያል፤ የመጀመሪያው ተጫራች ከዚያ በታች መስጠት አይችልም። ሪዘርቭ ግን ብዙውን ጊዜ ድብቅ ነው፤ ጨረታው እዚያ ካልደረሰ ሻጩ የመሸጥ ግዴታ የለበትም። ገዢው የሚያየው «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» የሚል ምልክት ብቻ ነው። አንዳንድ ገበያዎች ቁርጡን ሳይናገሩ «ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር» ብለው ግምቱን ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ ጨረታው 400 ዶላር ላይ ነበር። ከፍተኛ ዋጋዬን 2,500 ብዬ ሳስገባ ወዲያው 2,000 ሆነ። ሌላ ተጫራች አልገባም! ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሪዘርቭ በሌለበት ጨረታ ሥርዓቱ እርስዎን ወክሎ የሚጨምረው ተፎካካሪዎን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ሪዘርቭ ካለ ግን ብዙ ገበያዎች ሪዘርቩን ራሱን እንደ ተፎካካሪ ይቆጥሩታል፤ ያስገቡት ጣሪያ ከደረሰበት ዋጋው በአንዴ እዚያ ይዘላል። ስለዚህ ሪዘርቩ 2,000 ነበር ማለት ነው። 1,900 አስገብተው ቢሆን ምልክቱ «አልደረሰም» እንዳለ ይቀር ነበር። ሪዘርቩን ለማወቅ ብቻ ትልቅ ቁጥር የሚያስገቡ አሉ፤ አይሞክሩት። ሌላ ሰው ካልጨመረ የመክፈል ግዴታው የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጭ ነኝ። 2,000 ዶላር እጄ እንዲገባ እፈልጋለሁ፣ ኮሚሽኑ 15 በመቶ ነው። ሪዘርቩን 2,300 ላድርገው?

መልስ፦ 45 ዶላር ይጎድልብዎታል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በተሸጠበት ዋጋ ላይ ነው፦ የ2,300 15 በመቶ 345 ነው፣ የሚደርስዎት 1,955። 2,000ን ለ0.85 ያካፍሉ፤ 2,353 ይመጣል።

ከሒሳቡ በፊት ግን 2,000 ከየት እንደመጣ ራስዎን ይጠይቁ። ሪዘርቭ የምኞት ዋጋ አይደለም፤ ከዚያ በታች ከምሸጥ እያደስኩ ባቆየው ይሻለኛል የሚሉበት ወለል ነው። ጨረታ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው መልሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለሆኑ የጅምላ ዋጋ ነው የሚሰጡት። ስሙን ለድርጅቱ የሚፈልግ ገዢ የሚከፍለውን ዋጋ ሪዘርቭ ካደረጉት ተጫራቾች ገና ከጅምሩ ይተዉታል። ያን ዋጋ የሚፈልጉ ከሆነ ጨረታውን ትተው በቁርጥ ዋጋ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ ጨረታው ከተጀመረ በኋላ ሪዘርቩን መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ እንደ ገበያው ደንብ ነው፤ በአብዛኛው ዝቅ ማድረግ ይፈቀዳል፣ ከፍ ማድረግ አይፈቀድም። መሪው 1,600 ሰጥቶ እያለ እርስዎ ወደ 1,500 ቢያወርዱ የመሸጥ ግዴታው ያኔውኑ ይጸናል፤ መመለሻ የለውም። ሦስት አራት ሰው እየተፎካከረ ከሆነ ማውረዱን እመክራለሁ፦ «ደርሷል» የሚለው ምልክት ዳር ቆሞ የሚያየውን ሁሉ ያስገባል። ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ ግን በራሱ ዋጋ አስረከቡት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሪዘርቩ ሳይደርስ ጨረታው ቢዘጋስ?

መልስ፦ ሽያጭ የለም። ብዙ ገበያዎች ሻጩንና ከፍተኛውን ተጫራች ያደራድራሉ። አንዳንዶቹ ለሻጩ የመጨረሻውን ዋጋ የሚቀበልበት ቀነ ገደብ ይሰጣሉ፤ ተጫራቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰጠው ዋጋ ታስሮ ይቆይ እንደሆነ ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሻጩ ራሱ በሌላ አካውንት እየተጫረተ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ?

መልስ፦ ክልክል ነው፣ አካውንት ያስዘጋል። የአንድ ሻጭ ስሞች ላይ ብቻ እየመጣ ሁልጊዜ ከሪዘርቩ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያቆም ተጫራች ያጠራጥራል። ለብቻው ማስረጃ ስለማይሆን ለገበያው አሳውቀው ጣሪያዎን ጠብቀው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጊዜያቸው ያለፈ ዶሜይኖች ጨረታ ላይስ?

መልስ፦ ሪዘርቭ እምብዛም የለም። ስጋቱ ሌላ ነው፦ እርስዎ ካሸነፉ በኋላም የቀድሞው ባለቤት ለማደሻ በሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ውስጥ ሊያድሰው ይችላል፤ ያኔ ገንዘብዎ ይመለሳል እንጂ ስሙን አያገኙም።

ጥያቄ፦ አሸንፌ ከፍያለሁ፣ ወደ ሌላ ሬጅስትራር (ዶሜይን መዝጋቢ ድርጅት) ማዛወር ግን አልቻልኩም።

መልስ፦ የተመዘገበበትን ወይም መጨረሻ የተዛወረበትን ቀን ይዩ። 60 ቀን ካልሞላው ብዙ ሬጅስትራሮች አይለቁትም። እዚያው ሬጅስትራር አካውንት ከፍተው ሻጩ በውስጥ እንዲያስተላልፍልዎ ያድርጉ፤ የማስተላለፊያ ኮድም አያስፈልግም።