ከቀረጻ በፊት ወስኑ፤ ከጆን ፎርድ የሥራ ዘመን ለጀማሪ ዳይሬክተሮች

ዳይሬክተር ለመሆን ለምታስቡ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ አንዱን ትዕይንት ከሰባት ከስምንት አቅጣጫ ትቀርጹና «ኤዲቲንግ ላይ እናየዋለን» ትላላችሁ። ሜሞሪ ካርድ ርካሽ ስለሆነ የሚጎዳ አይመስልም። ጉዳቱ የሚታየው ኤዲቲንግ ሲጀመር ነው። ምርጫው ከበዛ በፊልሙ ላይ የሚወስነው መጨረሻ ድረስ ያልታከተው ሰው ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ፕሮዲዩሰር ነው።

ስለዚህ የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የጆን ፎርድን የሥራ ዘመን በጥሞና ተመልከቱት። በዳይሬክተርነት አራት ኦስካር የወሰደ ሰው ነው፤ በዚህ ዘርፍ የበለጠው የለም። በ1914 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወንድሙ ፍራንሲስ ወደሚሠራበት ሆሊውድ ሄዶ ዕቃ አቀባይ፣ ስታንት ሠሪና ረዳት ሆነ። በ1917 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ውስጥ ማዘጋጀት ጀመረና ከተዋናዩ ሃሪ ኬሪ ጋር በጥቂት ዓመታት ከሃያ በላይ ፊልሞች ሠራ። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ እጁ የተፍታታው ግን በእነሱ ነው።

በዚያ ዘመን ዳይሬክተሩ ቀረጻውን ሲጨርስ ፊልሙ የስቱዲዮው ንብረት ነው። ፎርድ መላ ነበረው። ትዕይንቱ የሚፈልገውን ብቻ ይቀርጽና ያቆማል፤ ያልተቀረጸ ክሎዝ አፕ (ፊትን በቅርበት የሚያሳይ ምስል) ማንም ሊቀጥለው አይችልም። ቴክ አያበዛም፣ ማለትም ያንኑ ደጋግሞ አይቀርጽም፤ ተዋናዩ ገና ትኩስ ሳለ የሚሰጠውን ይወድ ነበር።

ይህን ስትሞክሩ መጀመሪያ የሚበላሽባችሁ አንዱ ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል) ከሌላው የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ተዋናዩ በር ገፍቶ ሲገባ የውጭው ሾት ያለቀበት ላይ የውስጡን አትጀምሩ። በሩ ገና ዝግ ሳለ የውስጡ ካሜራ መቅረጽ ይጀምር፤ የሁለቱ ሾቶች ድርጊት ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ይደራረብ። ተዋናዩ ከወጣ በኋላም «ቁረጥ» ለማለት አትቸኩሉ። ሲኒውን በየትኛው እጅ እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚያይ የሚመዘግብ ሰው መድቡ። ለመለማመድ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ውሰዱ፤ ለራሳችሁ አምስት የካሜራ ቦታና ለእያንዳንዱ ሁለት ቴክ ብቻ ፍቀዱ።

ዘዴው ፍጹም ዋስትና ነው አልልም። በ1946 «ማይ ዳርሊንግ ክሌመንታይን»ን የፎክስ ስቱዲዮ አለቃ ዳሪል ዛኑክ እንደገና ቆርጦታል፤ ተጨማሪ ትዕይንት በሌላ ዳይሬክተር አስቀርጾም ጨምሮበታል።

ቁጠባው ምን እንደሚያተርፍ ማየት ከፈለጋችሁ የ1956ቱን «ዘ ሰርቸርስ» ክፈቱ። ተዋናዩ ዋርድ ቦንድ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል። ከኋላው ባለው ክፍል ማርታ የባሏን ወንድም፣ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የኢታንን ካፖርት በእጇ ስትዳብስ ያያታል፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ፊት ይመልሳል። ኢታን መጥቶ ግንባሯን ሲስማት ቦንድ ዞር አይልም። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አይወጣም። ይህ ሁሉ የተሠራው ሰው በማቆም ነው፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ወዲያው ሙዚቃና እንባ ይጨመርበት ነበር።

ፎርድ ካሜራውንም በዋዛ አያንቀሳቅስም። በ1939 በ«ስቴጅኮች» ጆን ዌይን ጠመንጃውን አሽከርክሮ ሠረገላውን ሲያስቆም ካሜራው በፍጥነት ወደ ፊቱ ይሄዳል። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ለቅጽበት ፎከሱ ይጠፋል። ከሌንሱ እስከ ፊቱ ያለው ርቀት በየቅጽበቱ ሲያጥር ረዳቱ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት እኩል ማዞር አለበት፤ ወደ ፊት በተጠጋን ቁጥር ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል። እናንተ መነሻውን፣ መሐሉንና መድረሻውን መሬት ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ፤ መብራት ጨምራችሁ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እስከ 5.6 ዝጉ፤ ከተዋናዩ ጋር ተለማመዱ። የፎርድ ሾት ግን ፎከሱ ቢጠፋም ከፊልሙ አልወጣም፤ ዌይንን ኮከብ ያደረገው መግቢያም ይኸው ነው።

ከፎርድ የማትወርሱት አንድ ነገር አለ። ተዋናዮቹን በሰው ፊት ያዋርድ እንደነበር አብረውት የሠሩ መስክረዋል። ይልቅ ሾት እስኪዘጋጅ ድረስ ዳኒ ቦርዜጅን አኮርዲዮን ማስጫወቱን ውሰዱ፤ ለመንፈስ ማቀናጃ ይህን የሚያህል ርካሽ መሣሪያ የለም።

ስለ ገንዘብም ልጨምር። ፎርድ አየርላንድ ውስጥ የሚሠራውን «ዘ ኳየት ማን»ን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይመኘው ነበር፤ ገንዘብ የሚያወጣለት ግን አጣ። የሪፐብሊክ ስቱዲዮ ኃላፊ ኸርበርት ዬትስ ፊልሙ ይከስራል ብሎ ስለፈራ ለዚሁ ፊልም በታሰቡት ተዋናዮች መጀመሪያ ዌስተርን (የካውቦይ ፊልም) ሥራልኝ አለው። ፎርድ «ሪዮ ግራንዴ»ን በ1950 ሠራለት፤ በ1952 የወጣው «ዘ ኳየት ማን» አራተኛውን ኦስካር አመጣለት። እናንተም «ይህን ሥራልኝ፣ ያንተን በኋላ» ስትባሉ ጥያቄውን አትናቁት። ግን በቃል አትመኑ፤ የሁለተኛው ፊልም ርዕስ፣ በጀቱና ቀረጻው የሚጀመርበት ወር በመጀመሪያው ፊልም ውል ላይ ይጻፍ።