የሞተር ጉልበት መጨመር ስንት ያስወጣል? በጋራዥ ወይስ በራስ እጅ

ጥያቄ፦ 1.6 ሊትር ኮሮላዬ ዳገት ላይ ይደክማል። ጉልበት እንዲጨምር ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ላስልግ ብል፣ ጋራዡ የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ ከጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ሥር ከሚገባው ማሸጊያ) ዋጋ እጥፍ ሆነብኝ። ራሴ ብፈታውስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ መኪናዎን አይውቀሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚሁ ያጣል። ብር ከማውጣትዎ በፊት ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ይዩ፤ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ያስለኩ። የፒስቶን ፋሻው (ቀለበቱ) ያለቀ ሞተር ቴስታታው ቢላግ አይድንም።

ከዚያም ሒሳቡን ሙሉ አድርገው ይሥሩ። ጓርኒሲዮን ብቻ አይደለም፤ የቫልቭ ጎሚኒ፣ ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ቶርክ ሬንች (ቡሎን በልኩ ማጥበቂያ)፣ መኪናው ቆሞ የሚከፍሉት ታክሲ ሁሉ ይገባል። ራስዎ ቢሠሩ የሚቀርልዎ የመፍታትና የመግጠሙ ዋጋ ብቻ ነው፤ ማስላጉ ምንጊዜም የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። የሚገኘው ጉልበት ደግሞ ትንሽ ነው፤ ማስላጉ ጉልበት የሚጨምረው ኮምፕሬሽኑን ከፍ በማድረግ ነውና፣ አብዝተው ካስላጉት ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

እፈታዋለሁ ካሉ ግን አንድ ነገር አደራ። የወረደውን ቴስታታ ፊቱን አጽድተው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሰያፍ ያጋድሙበት። የ0.05 ሚሊ ሜትር ስስ መለኪያ ከሥሩ ከሾለከ ተጣሟል። እኔ አንድ ጊዜ ሳልለካ ገጥሜ፣ በሳምንቱ ራዲያተሩን ስከፍት ዘይት ተንሳፍፎበት አገኘሁ። ጓርኒሲዮኑንም ዘይቱንም ዳግመኛ ገዛሁ። ቡሎኖቹንም ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ 3ኤል የሚባል ዓይነት ሞተር ባለው ሃይሉክሴ ላይ ቱርቦ ልጨምር ነው። ቱርቦውን ገዝቻለሁ፤ ሌላ ምን ያስወጣኛል?

መልስ፦ ዋናው ወጪ ገና ነው። ይህ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣ ነውና የጭስ ማኒፎልድ፣ ለቱርቦው የዘይት መስመር፣ የናፍጣ ፖምፓ ማስተካከያና የጭስ ሙቀት መለኪያ ያስፈልገዋል። ያረጀ ፍሪሲዮን ካለውም አዲሱን ጉልበት አይችልም። በእኔ እምነት ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ናፍጣው ከልክ ካለፈ ፒስቶን ሊቀልጥ ይችላል። ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከተነዳ በኋላ ዳግም ማስተካከል እንደሚጨምርም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ትልቅ ሞተር በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

መልስ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬዎ ላይ ተመዝግቧል፤ ሲቀይሩ ማስለወጥ አለብዎት። ሻጩ ሕጋዊ የሽያጭ ሰነድ ካልሰጠዎ ይተዉት።