ለጎልማሶች የኦንላይን ትምህርት ለምታዘጋጁ ታናናሾቼ

አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ «ለጎልማሶች የኦንላይን ትምህርት ልጀምር ነው፤ የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ በዚህ ሙያ የቆየነውን ሁሉ የሚያንገበግብ ነገር ነካ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ 15 ቋንቋዎች ደርሶ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ቆጠረ። ከዚያ በኋላ የሚያነበውና የሚጽፍበት ጉዳይ በበቂ አልቀረበለትምና ብዙው ተመልሶ ረሳው።

መተግበሪያውን ለጊዜው ተዉትና የካናዳን ገበሬዎች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1965 ድረስ፣ በክረምቱ ወራት ሰኞ ሰኞ ማታ፣ ጎረቤታሞች በአንድ ቤት ሬዲዮ ከብበው ይቀመጡ ነበር። የመወያያ ጽሑፉ ቀድሞ በፖስታ ይደርሳቸዋል። ስርጭቱን ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ የደረሱበትን ጽፈው ለክፍለ ግዛቱ ቢሮ ይልካሉ፤ መልሳቸው ተጠቃሎ በሬዲዮ ይመለስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዩኔስኮ አግዞ ይኸው አሠራር ሕንድ ውስጥ፣ ፑኔ አካባቢ፣ በ20 የግማሽ ሰዓት ዝግጅቶች ተሞከረ። ሲመዘን፣ የውይይት ቡድን በነበራቸው መንደሮች እውቀቱ በግልጽ ጨምሯል። ሬዲዮ እያላቸው ቡድን ባልነበራቸው መንደሮች የታየው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እናንተ ሬዲዮውን በቴሌግራም ተኩት። ትምህርቱን በድምፅ ቅዱ፦ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ 30 ደቂቃ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ500 ኪሎቢት የተቀረጸ ቪዲዮ ከ110 ያልፋል። ለቀን ሠራተኛ ልዩነቱ የካርድ ገንዘብ ነው። የዘመኑ ልጆች ስላይድ ማሳመር ላይ ማን ብሏችሁ! አንድ ሽማግሌ ሲናገር እስኪጨርስ መስማት ላይ ግን ትቸኩላላችሁ።

ቡድኑ ከ8 እስከ 12 ሰው ይሁን፤ አንድ ስልክና አንድ ስፒከር ይበቃዋል። 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ከከፈታችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ይሞላዋል። ሰዓቱን ራሳቸው ይቁረጡ፤ ማታ እራትና ልጅ ያለባትን ሴት ማታ ቀጥራችሁ «ፍላጎት የላትም» አትበሉ። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራዋም ስልኳን የምትይዘው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ሊሆን ይችላልና ለእሷ የቀጥታ ስርጭት ከንቱ ነው።

ዋናው ጥያቄው ነው። «ምን ተረዳችሁ?» ካላችሁ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል፤ በዚያው አለቀ። «የቦኖው ውኃ ሦስት ቀን ሲጠፋ ለማን ታመለክታላችሁ? ማንስ ይፈርማል?» በሉ። ያኔ ክርክር ይነሳል፤ ከክርክሩም ማመልከቻ ይወጣል። ቀን፣ ጉዳዩ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ «ግልባጭ ለ...» የሚለው ሁሉ በዚያው ይለመዳል፤ የጠፋውን ውኃ በጀሪካን መደመርም ሒሳብ ነው። ለግማሽ ሰዓት ድምፅ ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፤ ለውይይቱ 40 ደቂቃ ስጡ። አወያዩ በመጨረሻ ይናገር፤ በተለይ መምህር ከሆነ፣ ቀድሞ ከመለሰ ሌላው ዝም ይላል። ጸሐፊው በየሳምንቱ ይቀያየር። በእጅ ጽሑፉ የሚያፍር ካለ በድምፅ ይላክ፤ ሌላው ይጻፍለት።

አምስት መስመር መልስ በፎቶ ሲደርሳችሁ የሚቀጥለውን የድምፅ ትምህርት በእሱ ክፈቱ፤ የትኛው ቡድን ምን እንዳለ እየጠራችሁ። ይህን የዘለለ ዝግጅት ቶሎ ሰው ያጣል፤ ወደ ላይ የተላከ ቃል ካልተመለሰ ሰው ለማን ብሎ ይሰበሰባል?

ቪዲዮ ይቅር ያልኩ ይመስላል። የቴሌብር ክፍያና የፎርም አሞላል ግን ካላዩት አይገባም፤ ለእነሱ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሥሩ። ሰዓት ስለማክበርና ስለ ትሕትና አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ሰርተፍኬት ይወዳሉ፣ ስጧቸው። ለረጂው ድርጅት ሪፖርት ስታዘጋጁ ግን «ስንት ሰው ጨረሰ» ከሚለው ዐምድ ጎን ሁለት ዐምድ ጨምሩ፦ ስንት ማመልከቻ ገባ፣ ለስንቱስ መልስ መጣ።