ኤቲፒው የት ገባ?

ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «786-ኦ የተባሉትን የኩላሊት ካንሰር ሴሎች ካንሰር ካልሆኑት የኩላሊት ቱቦ ሴሎች፣ ከኤችኬ-2፣ ጋር በሜታቦሎሚክስ፣ ማለትም በሴል ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ሞለኪውሎች በመለካት፣ አነጻጸርኩ። ሴሎቹን ትሪፕሲን በተባለው ኤንዛይም ከሳህኑ አላቅቄ ሁለት ጊዜ ፒቢኤስ በተባለው የጨው ውሃ አጠብኳቸው። በሁለቱም የሴል የኃይል ምንዛሪ የሆነው ኤቲፒ በጣም አንሶ፣ የተሟጠጠው ኤቲፒ የሚሆነው ኤኤምፒና ኦክስጅን ሲያጥር የሚበዛው ላክቴት በዝተው ተገኙ። ናሙናዎቹ ወደ ማሽኑ የገቡት በዘፈቀደ ተራ ቢሆንም የባሱት መጨረሻ ያወጣኋቸው ናቸው። ሞለኪውሎቹን የሚለየው የማሽኑ ቱቦ፣ ኮለሙ፣ ተቀየረ፣ ቁጥሮቹም በስታቲስቲክስ ተስተካከሉ፤ ለውጥ ግን የለም።»

የባሱት መጨረሻ የወጡት መሆናቸውን ሳነብ ጥርጣሬዬ ወዲያው ትሪፕሲኑ ላይ አረፈ፤ ከሳህኑ ተላቅቀው ረጅም ጊዜ የጠበቁት እነሱ ናቸውና። ማሽኑ ታሞ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የተለኩበትን ተራ ይከተል ነበር። ኮለም ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነበር፤ ሴሉ ሳህኑ ላይ ሳለ የጠፋውን ነገር በስታቲስቲክስ ለመመለስ መሞከር ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ኤቲፒ በየሰከንዱ እየተሠራ በየሰከንዱ የሚበላ ነገር ነው። ከሳህኑ የተላቀቀ ሴል፣ ግሉኮስ በሌለው ፒቢኤስ ቢታጠብም፣ በሴንትሪፊውጅ ተጨምቆ ኦክስጅን ቢያጥረውም፣ ከምድጃ ወርዶ እንደሚንተከተክ የሸክላ ድስት ሽሮ ሥራውን አያቆምም። ኤቲፒው አንድ ፎስፌት ወደጎደለው ኤዲፒ ይወርዳል፤ አዴኒሌት ካይኔዝ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ሁለት ኤዲፒ ወስዶ አንድ ኤቲፒና አንድ ኤኤምፒ ያደርጋቸዋል፤ የኤኤምፒዎ ምንጭ ይህ ነው። በዚህ ጥናት ላይ ጉዳቱ የሚከፋበት ምክንያትም አለ። 786-ኦ ቪኤችኤል የተባለውን ጂን ስላጣ፣ ኦክስጅን እያለለት እንኳ ሂፍ-2 አልፋ፣ ማለትም ሴሉን ለኦክስጅን እጥረት የሚያዘጋጀው ፕሮቲን፣ አይወገድለትም፤ ስለዚህ ኦክስጅን እንደጎደለው ሴል ይኖራል። እርስዎ ኤችኬ-2ን ጨምቀው ኦክስጅን በእውነት ሲያሳጡት እሱም ላክቴት ወደ ማምረት ይዞራል፤ የሚፈልጉትን ልዩነት በገዛ እጅዎ አጠፉት ማለት ነው።

ከእንግዲህ ትሪፕሲን አይንኩ። ሴሎቹ ያደጉበትን ፈሳሽ ምግብ መጥጠው ያውጡ፣ በአሞኒየም አሲቴት ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ያለቅልቁ፤ የፒቢኤስ ፎስፌትና ጨው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማሽን፣ በማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ላይ የሌሎቹን ሞለኪውሎች ምልክት ያፍናል። ወዲያው 40 እጅ አሴቶናይትራይል፣ 40 እጅ ሜታኖልና 20 እጅ ውሃ ከ0.1 ሞላር ፎርሚክ አሲድ ጋር የያዘውን ቀዝቃዛ ድብልቅ ሳህኑ ላይ ያፍስሱ፤ ኤንዛይሞቹን የሚገድላቸው አሲዱ ነው። ከዚያ በአሞኒየም ባይካርቦኔት አሲዱን ያለዝቡ፣ ፍቀው ይሰብስቡ። ባይካርቦኔቱ ሲገባ ጋዝ ስለሚወጣ የቱቦውን ክዳን አያጥብቁ። ለማቀዝቀዣ ደረቅ በረዶ ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ያደረጉበትን ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ አይክደኑ፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ሲለወጥ 700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ተፈናጥሮ የጣሪያ መብራት የሰበረ ክዳን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መነጽር ያድርጉ።

ስለ ቱቦዎቹም አንድ ነገር ልበል። በርካሽ ፕላስቲክ ከሚመጣው ጣጣ የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ማሽኑ ፖዘቲቭ አዮኖችን ሲለካ (ፖዘቲቭ ሞድ) በክብደት 282.28 እና 338.34 ላይ ትልቅ ፒክ ካዩ ከፕላስቲክ የሚወጡት ኦሊያማይድና ኤሩካማይድ ሊሆኑ ይችላሉና እንደ ግኝት አይጻፉ። መጀመሪያ ባዶ ቱቦ በዚያው ድብልቅ አጥበው ያስለኩ።

ሁለቱ ሴሎች ያደጉበት ምግብም ይለያይ እንደሆነ ይመልከቱ፤ አርፒኤምአይ የተባለው ምግብ 11 ሚሊሞላር ግሉኮስ ሲይዝ ባለ ከፍተኛ ግሉኮሱ ዲኤምኢኤም 25 ይይዛል። በእኔ አስተያየት ከኤችኬ-2 ይልቅ ቪኤችኤል የተመለሰለት 786-ኦ የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው።

ካንሰሩን ከመንካትዎ በፊት ሦስት ሳህን ኤችኬ-2 ብቻ በዚህ መንገድ ያውጡ። ኤቲፒን ከኤዲፒ ግማሽ ጋር ደምረው ለኤቲፒ፣ ለኤዲፒና ለኤኤምፒ ድምር ያካፍሉ፤ ከ0.8 በላይ ከሆነ ይቀጥሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ከማጠብ እስከ ማፍሰስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎ ይጻፉልኝ። ክዳኑን ግን አደራ!