መልስ፦ ለጤፍ ማዳበሪያ ጥናቴ የትኞቹን ቁልፍ ቃላት ላስገባ?
የዘረዘሯቸው አምስቱ («ጤፍ፣ ማዳበሪያ፣ ምርት፣ ውጤት፣ ኢትዮጵያ») ሁሉም ከርዕስዎ የተቀዱ ናቸው። የመረጃ ቋቶች ርዕሱንና አኅጽሮተ ጥናቱን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚፈትሹ፣ እዚያ ያለውን መድገም ቦታ ማባከን ነው። «ውጤት» ይውጣ፤ ብቻውን ማንንም ወደ ጽሑፍዎ አያመጣም። «ማዳበሪያ»ም ሰፊ ነው። ጥናትዎ ዩሪያን (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ከፋፍሎ ስለመጨመር ስለሆነ «የናይትሮጅን አጠቃቀም ብቃት» ይበሉት፤ መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ ሳይንሳዊ መጠሪያውን «ቨርቲሶል» ይጨምሩ።

ዋናው ጣጣ ጤፍ ራሱ ነው። በላቲን ፊደል አንዳንዱ በአንድ ኤፍ፣ አንዳንዱ በሁለት ኤፍ ይጽፈዋል፤ ፈላጊው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ርዕስዎ ላይ አንዱ ካለ ሌላው ቁልፍ ቃል ይሁን። ሳይንሳዊ ስሙ፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍ፣ ርዕሱ ላይ ከሌለ በፍጹም አይተዉት።

ቀጥሎ ቃላቱን በአግሮቮክ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባዘጋጀው የግብርና ቃላት ዝርዝር፣ ያመሳክሩ (የጤና ጥናት ቢሆን ሜሽ የተባለው የሕክምና ቃላት ዝርዝር ነበር የሚታየው)። ከዚያ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ ይፈልጉ፤ ከፊት የሚመጡት ጽሑፎች ከእርስዎ ጥናት ጋር የማይዛመዱ ከሆነ ቃሉን ይቀይሩ። ስንት ቃል እንደሚፈቀድ መጽሔቱ ለደራሲያን ያወጣው መመሪያ ላይ አለ።