ሀይዌይ 1ን በቅዳሜና እሑድ፦ ስለ ቢግ ሰር ጉዞ ጥያቄና መልስ

በካሊፎርኒያ ከካርሜል ተነሥቶ ቢግ ሰርን አቋርጦ እስከ ሳን ሲሜዮን የሚወርደውን የባሕር ዳርቻ መንገድ በሁለት ቀን ለመጓዝ ያሰባችሁ ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሳን ፍራንሲስኮ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተን፣ በባሕሩ ዳር ሎስ አንጀለስ ደርሰን፣ እሑድ ማታ ቤታችን መግባት እንችላለን?

መንዳቱን ትችሉ ይሆናል፤ ማየቱን ግን አትችሉም። ከካርሜል እስከ ሳን ሲሜዮን ያለው 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያለማቋረጥ የሚነዳ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ መንገዱ የተወደደው በየጥቂቱ እየቆሙ ስለሚያዩት ነውና ሙሉ ቀን ስጡት። እኔ የምመክራችሁ ዓርብ ማታ ሞንተሬይ ወይም ካርሜል አድራችሁ፣ ቅዳሜን በሙሉ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ውላችሁ፣ ካምብሪያ እንድታድሩ ነው። እሑድ በሀይዌይ 46 ወደ ፓሶ ሮብልስ ተሻግራችሁ በሀይዌይ 101 ብትመለሱ መንገዱ ቀጥ ያለና ፈጣን ነው።

ጥያቄ፦ ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ ይሻላል ወይስ ከደቡብ ወደ ሰሜን መውጣት?

ወደ ደቡብ ሲወርዱ መኪናዎ በባሕሩ በኩል ባለው መስመር ስለሚሄድ፣ መቆሚያዎቹን ከፊት የሚመጣውን መኪና ሳያቋርጡ በቀኝዎ ያገኟቸዋል። ሆኖም አሽከርካሪው ገደል የሚፈራ ከሆነ ተቃራኒውን ይምረጡ፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መስመር ተራራውን ተጠግቶ ስለሚሄድ ልብ ያሳርፋል።

ጥያቄ፦ መንገዱ በናዳ ይዘጋል ሲባል እሰማለሁ። ይህን ያህል ያሰጋል?

ከሁሉም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ማደሪያ ከማስያዝዎም በፊት መልሱን ማወቅ አለብዎ። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ከባሕሩ ቀጥ ብለው የሚነሡ ስለሆኑና አፈራቸውና ዐለታቸው የላላ ስለሆነ፣ ከባድ ዝናብ ሲጠግቡ ይንሸራተታሉ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ማድ ክሪክ በተባለው ቦታ የወረደው ናዳ መንገዱን ቀብሮት እስከ ሐምሌ 2018 ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያው በ2017 የፋይፈር ካንየን ድልድይ በመሬት መንሸራተት ተጎድቶ ፈርሷል፤ አዲሱ የተከፈተውም በጥቅምት ወር ነበር። በጥር 2021 ደግሞ በነሐሴ 2020 በተነሣ ሰደድ እሳት በተራቆተ ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ራት ክሪክ ላይ የመንገዱ ቁራጭ እንዳለ ባሕር ገብቷል።

ስለዚህ የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ካልትራንስ፣ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ መግለጫ ሲያቅዱም በመነሻዎ ጠዋትም ይመልከቱ። መሐል ላይ ከተዘጋ በቅርብ የሚዞሩበት መንገድ አያገኙም። በዚያ ረጅም ርቀት ውስጥ ተራራውን የሚያቋርጠው አስፋልት ናሲሜንቶ ፈርጉሰን የሚባለው ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጉዞውን ከመሰረዝ ይልቅ አንዱን ጫፍ መርጦ በዚያው መመለስ ይበጃል። ከሰሜን የሚገባ ሰው ፖይንት ሎቦስ የተባለውን የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታና ቢክስቢ ድልድይን፣ ከደቡብ የሚገባ ደግሞ የሳን ሲሜዮንን ዳርቻና ኸርስት ካስል የተባለውን የአንድ ባለጸጋ ታላቅ መኖሪያ ያያል፤ ሁለቱም ቅዳሜና እሑድን ይሞላሉ።

ጥያቄ፦ በሐምሌ ሄጄ ከጭጋግ በቀር ያየሁት የለም። የትኛው ወር ይሻላል?

በበጋ ወራት እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ጭጋግ ስለሚሆን፣ ዳርቻው በተለይ ጠዋት ይሸፈናል። መስከረምና ጥቅምት በአብዛኛው ጥርት ያሉ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በዚያ በኩል ስለሚያልፉ ክረምቱም የራሱ ጸጋ አለው፤ የናዳው ስጋት የሚበረታውም ግን ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጊዜ ቢያጥረን የትኞቹን ቦታዎች ማለፍ የለብንም?

እኔ ሦስቱን አስቀድማለሁ። በ1932 የተሠራው ቢክስቢ ድልድይ ከሸለቆው ወለል 79 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ ቅስት የቆመ ነው፤ መቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ ማለዳ ድረሱ። ቦታ ከታጣ እለፉት እንጂ መኪናውን በመንገዱ ላይ አታቁሙ። ቀጥሎ በጁሊያ ፋይፈር በርንስ ፓርክ ውስጥ 24 ሜትር ያህል ከገደል ወርዶ አሸዋው ላይ የሚያርፈው ማክዌይ ፏፏቴ አለ። ወደ አሸዋው መውረድ የተከለከለ ሲሆን፣ የሚታየው ከላይ ካለው የእግር መንገድ ነው።

ሦስተኛውን ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ፤ እኔን ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። ከኸርስት ካስል መግቢያ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ፒየድራስ ብላንካስ በተባለው ዳርቻ፣ ኤሌፋንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት ተደርድረው ይተኛሉ። ወንዱ ሁለት ቶን ሊመዝን ይችላል። ከአጥሩ ጀርባ ሆናችሁ ብትመለከቱ፣ ፀሐይ ሲበረታባቸው በፊት መቅዘፊያቸው አሸዋ እየዛቁ ጀርባቸው ላይ ሲበትኑ፣ ከዚያም ዐይናቸውን ጨፍነው መልሰው ሲያንኮራፉ ታያላችሁ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ግልገሎች የሚወለዱት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው።

ጥያቄ፦ ነዳጅና ስልክስ?

ነዳጁን ካርሜል ላይ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ ማደያ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነው። ኔትወርክ ለረጅም ርቀት ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ጥያቄ፦ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ ሲነፉብኝ ምን ላድርግ?

ፍጥነት አይጨምሩ። የካሊፎርኒያ ሕግ በባለሁለት መስመር መንገድ ላይ ማለፍ የማይቻል ሲሆንና ከዘገምተኛው መኪና ኋላ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሰለፉ፣ በመጀመሪያው ምቹ መቆሚያ ወጥቶ ማሳለፍን ያዝዛል። አምስት እስኪሞሉ ሳይጠብቁ ቢያሳልፏቸው ደግሞ እርስዎም በሰላም ይነዳሉ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይቀንሱ፤ ፍሬኑን ብቻ እየረገጡ መውረድ ያግለዋል።

ጥያቄ፦ ልጄን ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሳታል። መላ ይኖር ይሆን?

ከመነሣታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር ትብላ፤ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይበጅም። ስልክና መጽሐፍ ከእጇ ይውጣ፤ ዐይኗ ሩቅ አድማስ ላይ ይሁን፤ መስኮቱ ትንሽ ይከፈት። መድኃኒት ለመስጠት ካሰቡ ለዕድሜዋ የሚስማማውን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቀው ከጉዞው በፊት ይስጧት፤ ማስመለስ ከጀመረች በኋላ ብዙም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ማደሪያ ከጠፋ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ማደር እንችላለን?

አይቻልም፤ በቢግ ሰር በሀይዌይ 1 ዳር ማደር የተከለከለ ነው። የስቴቱ ፓርኮች የድንኳን ቦታ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል፤ የቅዳሜና እሑዱም ቶሎ ያልቃል። የሚሰርዙ ሰዎች ስለሚኖሩ ግን ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ደጋግማችሁ ተመልከቱ፤ ካልተገኘም ካምብሪያ ወይም ሞንተሬይ ላይ ሆቴል ያዙ።