«ምን አገባህ?» ለሚሉህ

ጠያቂያችን አቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ አስጎብኚ ነው። አሸዋ የጫኑ መኪኖች በማታ ከፓርኩ ሲወጡ፣ ግራሩ ለከሰል ሲቆረጥ ያያል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ቢናገር «መሬቱ ያንተ ነው? ምን አገባህ?» ብለው መለሱት። መክሰስ እችላለሁ ወይ ይላል።

ወንድሜ፣ ያገባሃል። ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ ሕጉ ነው። እርግጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 መሠረት ከሳሽ በጉዳዩ ላይ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ማንም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ አቤት እንዲል ፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ግዴታ ያለበትን ሰው ምን አገባህ ማለት አይቻልም።

ግን በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዳትሄድ። መጀመሪያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ አመልክት። ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ ሌላው ላይ ቀኑንና ገቢ ቁጥሩን አስጽፈህ ማኅተም አስመታበት። ያቺን ወረቀት እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ዝም ካለህ ወይም ውሳኔው ካላረካህ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትከሳለህ። «ነገ ና፣ ሰኞ ና» እያሉ ቢያመላልሱህ ቀኑ አይጠብቅህም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ እውነት ይዞ በቀነ ገደብ የሚሸነፍ ሰው።

አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ፈቃድ አለን ካሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ጥናቱን፣ ማለትም ሥራው አካባቢውን እንዴት እንደሚነካ የሚመረምረውን ሰነድ፣ ጠይቅ። በአዋጅ 299/1995 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ማስረጃውን በቀን ሰብስብ። ጉቶውን፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ የመኪናውን ጎማ ዱካ ቀንና ቦታ በሚያሳይ ፎቶ አንሳ። ሌሊት ብቻህን መኪና ለማስቆም እንዳትሞክር፣ አደራ።

ማመልከቻው ላይ የውሃውንም ነገር ጨምር። አቢጃታ ጥልቀት የለውም፣ መውጫም የለውም፤ የሚመግበው በዋናነት ከዝዋይ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ውሃው በየቦታው ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨው በዛበት፣ ዓሣው አለቀ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ይህን ከቢሮ ሠራተኛው በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፣ በየዕለቱ ታየዋለህና። በራስህ ቃል ጻፈው፣ ካየህበት ቀን ጋር። አብረውህ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ልጆችም ካንተ ጋር ይፈርሙ።